«ኤሊ በክረምት ትተኛለች» ያልኩት እኔ ነበርኩ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡና አስፈልታችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሰሞን አንድ የድሮ ተማሪዬ ከሚኒሶታ፣ አሜሪካ፣ መልእክት ላከልኝ። ስሙን አልጠራም፤ ራሱን ያውቃል። የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ የደብተሩን ጀርባ በካርታ ሲሞላ የሚውለው ልጅ ነው። አሁን የልጅ አባት ሆኗል። ለሴት ልጁ የእጅ መዳፍ የምታህል ኤሊ ገዝቶላታል። ፎቶዋን ላከና እንዲህ አለኝ፦ «ቲቸር፣ ሻጩ ሱልካታ የምትባል ዘር ናት፣ በኢትዮጵያም ትገኛለች አለኝ። እውነት ነው? ደግሞ እዚህ በረዶው እየመጣ ነው። ጎረቤቴ ኤሊ ክረምቱን ስለምትተኛ በካርቶን አድርገህ ጋራዥ ውስጥ አስቀምጣት እያለኝ ነው። ላድርገው እንዴ?»

እኔ የታሪክ መምህር ነኝ እንጂ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። ሆኖም መልስ ልጽፍ ስልኬን ሳነሳ እጄ ከበደኝ። ምክንያቱም ይህንኑ ምክር ልጅ ሆኜ እኔ ራሴ ሰጥቼ አንዲት ኤሊ ገድያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር የሚያልፍ ከተማ፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ የሚሆንበት አገር። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የጅቡቲ መስመር ሹፌር የሆነው አጎቴ መተሐራ አካባቢ አስፋልት ልታቋርጥ ስትል ያገኛትን ትንሽ ኤሊ አመጣልን። ቅርፊቷ ብጫ ሆኖ እንደ ነብር ቆዳ በጥቁር የተዥጎረጎረ። እናቴ አረማመዷን አይታ «ወይዘሮ» አለቻት፤ ስሟ እሱው ሆኖ ቀረ።

ወይዘሮ መስከረምንና ጥቅምትን ጎመን እየበላች፣ ፀሐይ እየሞቀች ደህና ሰነበተች። ኅዳር ሲገባ መብላት አቆመች። ዓይኗን መግለጥ ተወች። እናቴ «አንተ ልጅ፣ ይቺ ነገር ታማለች መሰለኝ፤ እሳት ዳር እናድርጋት» አለች። እኔ ግን ከታላቅ ወንድሜ የእንግሊዝኛ የሳይንስ መጽሐፍ አንድ ትልቅ ቃል ተምሬ ነበር። «እማዬ፣ አልታመመችም፤ ሂበርኔሽን ነው። ኤሊ በክረምት ትተኛለች። መጽሐፉ ላይ አለ» አልኳት። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ መጽሐፍ ሲባል ታከብራለች። ዝም አለች። በሳሙና ካርቶን ጭድ ጎዝጉዤ ጓዳ ውስጥ አስተኛኋት።

በየካቲት መጨረሻ ስከፍተው ወይዘሮ እንደ ባዶ ቆርቆሮ ቀላ ነበር። ሞታለች። እኔ ግን ሦስት ቀን ሙሉ «ተኝታ ነው» እያልኩ ተከራከርኩ።

እንግዲህ የተማሪዬ ጥያቄ ይህንን ቀሰቀሰብኝ። «ኤሊ በክረምት ትተኛለች» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከየት መጣ? ማን ጻፈው? የትኛዋን ኤሊ አይቶ? የታሪክ ሰው ነኝና ወደ ኋላ ሄድኩ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

*የጳጳሱ ኤሊ፣ የቄሱ ኤሊ*

ታሪኩ የሚጀምረው እንግሊዝ ውስጥ ነው። ዊሊያም ላውድ የሚባለው ሰው በ1633 የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ሲሆን ለንደን በሚገኘው የላምቤት ቤተ መንግሥት አንዲት ኤሊ አስገባ። ላውድ በእንግሊዞች የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በ1645፣ አንገቱን ተቀላ። ኤሊዋ ግን ከሱ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ኖረች። በ1753 የሞተችውም በዕድሜ ሳይሆን በአንድ አትክልተኛ ቸልተኝነት ነው ይባላል። ቅርፊቷ ዛሬም እዚያው ላምቤት አለ። ንጉሥ ሲገደል፣ ሪፐብሊክ ሲታወጅ፣ ንጉሥ ሲመለስ፣ ሁሉን አልፋ አትክልተኛ ገደላት። ሰው ኤሊን በቤቱ ያኖረበት ታሪክ ባጭሩ ይኸው ነው፤ የሚገድላት ብዙ ጊዜ ጠላት ሳይሆን ጠባቂዋ ነው።

ሁለተኛዋ ኤሊ ከሁሉም በላይ ዝነኛ ናት። ጊልበርት ኋይት (1720–1793) ሴልቦርን በምትባል የደቡብ እንግሊዝ መንደር የኖረ ቄስ ነው። አክስቱ ቤት ጢሞቴዎስ የሚባል ኤሊ ነበር፤ የአክስቱ ባል በ1740 ከአንድ መርከበኛ የገዛው። ኋይት አክስቱን በጠየቀ ቁጥር ኤሊውን ያያል፣ ያየውን ይጽፋል። ኖቬምበር አጋማሽ ላይ መሬት ገብቶ ኤፕሪል አጋማሽ ላይ እንደሚወጣ መዘገበ። ሲቆፍር እግሩ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ዘንግ ቀስ እንደሚል ጻፈ። በመጸው ወራት ፀሐይዋ ስትደክም ኤሊው ቅርፊቱን ግድግዳ ላይ ጋደል አድርጎ ደካማዋን ጨረር ሁሉ ሲለቅም አየ። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

አክስቱ በ1780 ስትሞት ኋይት ኤሊውን ወረሰ። ማርች ላይ ከተኛበት ቆፍሮ አወጣውና አፈር በሞላ ሣጥን አድርጎ በፈረስ ሠረገላ 80 ማይል ተጓዘ። ኤሊው በመንገዱ ንቅናቄ ነቃ። ሴልቦርን ሲደርስ በአትክልቱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ አለ፤ ማታ ሲበርድ ደግሞ አፈር ውስጥ ተመልሶ ገባ። ኋይት በየጊዜው ይመዝነው ነበር። የጻፈው መጽሐፍ በ1789 ታትሞ እስከ ዛሬ መታተሙን አላቆመም። እንግሊዝ «ኤሊ በክረምት ትተኛለች» የሚለውን በደንብ ያወቀችው ከዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ነው።

ልብ በሉ፤ ኋይት የጻፈው ሁሉ ትክክል ነው። ጢሞቴዎስ የሜዲትራኒያን ዘር ነው። የሱ ዘመዶች በገዛ አገራቸውም ቀዝቃዛ ወራት ስላላቸው ይተኛሉ፤ ሰውነታቸው ለዚያ ተሠርቷል። ለዚያውም ጢሞቴዎስ አዋቂ ነበር፣ አትክልት ቦታ ሙሉ ሣር እየበላ የሰነበተ፣ ራሱ የሚቆፍር፣ የሚመዝነው ሰው ያለው። ኋይት ያጣው አንድ ነገር ቢኖር ጾታውን ነው። ከሞተ በኋላ ሲመረመር ጢሞቴዎስ ሴት ሆኖ ተገኘ! ቅርፊቷ ለንደን በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ነው።

*ቃሉ ከቦታው ሲነቀል*

ችግሩ የመጣው በኋላ ነው። በሀያኛው ክፍለ ዘመን ኤሊ የድሃም የሀብታምም ልጅ መጫወቻ ሆነች። ከሰሜን አፍሪካ፣ በተለይ ከሞሮኮ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ኤሊዎች በሣጥን እየተደራረቡ ወደ እንግሊዝ ተጫኑ። ገበያ ላይ በርካሽ ይሸጡ ነበር። አንዳንዱ ገዢ እንዳትጠፋበት ቅርፊቷን በስቶ በገመድ ያስራታል። ውሃ ተጠምታ፣ ከስታ የደረሰችዋን ኤሊ ልጆች በጋውን ሰላጣ ይሰጧታል። ከዚያ ኖቬምበር ሲመጣ «ኤሊ በክረምት ትተኛለች» ተብሎ በካርቶን ይዘጋባታል።

የእንግሊዝ ልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም የነበረው «ብሉ ፒተር» ከ1963 ጀምሮ የራሱ ኤሊ ነበረው። ፍሬድ ብለው ሰየሙት፤ እሱም ሴት ሆኖ ተገኘና ፍሬዳ ተባለ። (ፈረንጆቹ በኤሊ ጾታ ዕድል የላቸውም።) በየዓመቱ ኤሊዎቹ በካርቶን ተደርገው ሲተኙ አገር ያያል፤ ልጆችም ቤታቸው ገብተው ያንኑ ያደርጋሉ። የስቱዲዮዋ ኤሊ ጠባቂ ነበራት። በየቤቱ ያሉት ብዙዎቹ ግን የመጀመሪያ ክረምታቸውን አላለፉም። በማርች ካርቶኑ ሲከፈት ምን እንደሚገኝ እኔ አውቃለሁ።

ይህ የክፋት ታሪክ አይደለም። እነዚያ ልጆች ኤሊያቸውን ይወዱ ነበር። የተሰጣቸው ዕውቀትም ሐሰት አልነበረም። ስለ አንዲት ኤሊ፣ በአንድ ሁኔታ እውነት የሆነው ነገር ግን ስለ ኤሊ ሁሉ ሕግ ሆኖ ተነገረ።

እርማቱ ቀስ ብሎ መጣ። በ1980 ኦሊፋንት ጃክሰን የተባለ እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም የኤሊዎችን ቁመትና ክብደት አነጻጽሮ አንድ መለኪያ አወጣ፤ ኤሊዋ ከመተኛቷ በፊት ለቁመቷ የሚበቃ ክብደት አላት ወይ የሚል። ለሜዲትራኒያን ዘሮች ብቻ የተሠራ ነው። ክብደቷ ካልሞላ አትተኛም፤ ክረምቱን ቤት ውስጥ፣ በሙቀትና በብርሃን፣ ነቅታ እየበላች ታሳልፋለች። ኋይት ኤሊውን ሲመዝን ከነበረ ወደ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ሰው እንደገና ሚዛን አነሳ ማለት ነው። በ1984 ደግሞ ያ የሜዲትራኒያን ኤሊዎች የጅምላ ንግድ በአውሮፓ ገበያ ታገደ።

*የበርሊን ልጆች መብራት*

እሺ፣ ኤሊዋ አትተኛም እንበል። ቤት ውስጥ ነቅታ ትክረም። ታዲያ ሌላ ችግር መጣ። በሞቀ ክፍል፣ በመስኮት ዳር፣ እየበላች ያደገች ትንሽ ኤሊ ቅርፊቷ ይለሰልሳል፤ እግሮቿ ይጣመማሉ። ለምን?

መልሱ የተገኘው ከኤሊ ሳይሆን ከሰው ልጆች ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በርሊን በረሃብ ተመታ ነበር። ብዙ ልጆች ሪኬትስ፣ ማለትም የአጥንት መለስለስና መጣመም፣ ነበረባቸው። ኩርት ሁልድሺንስኪ የተባለ ሐኪም በ1918/19 ክረምት በሽታው ጠንቶባቸው የነበሩ አራት ልጆችን አልትራቫዮሌት ጨረር በሚሰጥ የሜርኩሪ መብራት አከመ። አጥንታቸው ሲጠነክር በራጅ ታየ። ይባስ ብሎ አንድ ክንድ ብቻ ቢበራ ሁለቱም ክንዶች ይድኑ ነበር። ስለዚህ ጨረሩ ቆዳ ላይ የሚሠራው ነገር በደም ወደ መላ ሰውነት ይሄዳል ማለት ነው። ያ ነገር ዛሬ ቫይታሚን ዲ የምንለው ነው። ሰውነት ካልሲየምን አጥንት ላይ የሚያውለው በሱ አማካይነት ነው።

እናቶቻችን ሕፃን የጠዋት ፀሐይ የሚያሞቁት በዚሁ ምክንያት ነው። ጤና ጣቢያ «በመስኮት መስታወት በኩል አይሆንም፤ አውጥታችሁ አሙቁ» የሚሉትም ለዚህ ነው። መስታወት ብርሃኑን ያሳልፋል፣ ሙቀቱን ያሳልፋል፣ ያንን ጨረር ግን ያስቀረዋል።

አሁን የኋይትን ኤሊ አስታውሱ። ግድግዳ ላይ ቅርፊቷን ጋደል አድርጋ ጨረር ስትለቅም። ኋይት ሙቀት ፍለጋ መሆኑን ተረድቷል። ቫይታሚን ዲ ግን ገና ስም አልነበረውም። ያየውን በታማኝነት ስለጻፈ፣ እኛ እሱ ካወቀው በላይ ከጽሑፉ እናነባለን። ተማሪዎቼ፣ «ምንጭ» ስላችሁ የነበረው እንዲህ ያለውን ነው።

የበርሊኑ መብራት ለቤት ኤሊ እስኪደርስ ግን ብዙ ዓመት ፈጀ። ለተሳቢ እንስሳት ተብለው የተሠሩ አልትራቫዮሌት ቢ የሚሰጡ የቱቦ መብራቶች በገበያ የተለመዱት ከ1990ዎቹ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ቤት ከራሚ ኤሊዎች ብርሃን እያለ በጨለማ ይኖሩ ነበር ማለት ይቻላል።

*የኛዋ ኤሊ በቪየና*

ሦስተኛው ትምህርት በቀጥታ የተማሪዬን ኤሊ ይመለከታል። አዎ፣ ሻጩ አልዋሸም፤ ሱልካታ የሳህል ኤሊ ናት። ከሴኔጋል ጀምሮ በበረሃው ጠርዝ እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ ድረስ ትገኛለች። ዛሬ በአሜሪካ ቤቶች እንደ ልብ ትፈለፈላለች፤ በዱር ግን እየቀነሰች ነው። ከ2000 ጀምሮ ከዱር ተይዛ ለንግድ እንድትወጣ የሚፈቀደው ኮታ ዜሮ ነው።

በሰው ቤት የሚያድጉ ሱልካታዎች አንድ መልክ ነበራቸው። ቅርፊታቸው ለስላሳ ጉልላት መሆን ሲገባው እንደ ተራራ ሰንሰለት እየጎበጠ ያድጋል። ሰዎች ምክንያቱ የምግብ ፕሮቲን መብዛት ነው ይሉ ነበር። በ2003 የቪየና የእንስሳት ሕክምና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ገና የተፈለፈሉ 50 ሱልካታዎችን ከፋፍለው በተለያየ እርጥበትና በተለያየ የፕሮቲን መጠን ለአምስት ወር አሳደጉ። ፕሮቲን ያመጣው ልዩነት ጥቂት ሆኖ ተገኘ። ትልቁን ልዩነት ያመጣው የአየር እርጥበት ነው፤ በደረቅ አየር ያደጉት ጎበጡ፣ በእርጥብ ያደጉት ለስለስ ብለው አደጉ።

«የበረሃ ኤሊ ናት፤ ደረቅ ትወዳለች» ሲባል የኖረው ፉርሽ ሆነ። ለምን? ሱልካታ በበረሃ ጠርዝ ትኖራለች እንጂ ሙሉ ቀን በበረሃው ላይ አትኖርም። ጉድጓድ ትቆፍራለች፤ ጉድጓዱ ውስጥ አየሩ እርጥብ ነው። ስትደበቅም ከሙቀትና ከድርቀት ነው እንጂ ከበረዶ አይደለም። የበረዶ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዘሯ የለም። ብርድ ሲይዛት የተኛች ትመስላለች፤ ግን የበላችው ሆዷ ውስጥ ሳይፈጭ ይቀራል፣ ሳንባዋ ይታመማል፣ ትሞታለች። የመተሐራዋ ወይዘሮም፣ ያቺ ነብርማዋ ዘር፣ እንደዚሁ አትተኛም ነበር። በጓዳችን ካርቶን ውስጥ እየተኛች ሳይሆን እየሞተች ነበር።

ቃሉ ራሱ እኮ ይነግረናል። እኛ «ክረምት» ስንል ዝናብና ልምላሜ ነው፤ የነሱ «ክረምት» በረዶ ነው። የደብረ ብርሃን ውርጭ የሚመጣው ደግሞ በኛ አቆጣጠር በበጋ ነው። ያቺን አንድ ቃል እንኳ ሳላጣራ ከእንግሊዝ አትክልት ቦታ አንስቼ እናቴ ጓዳ ውስጥ አስገባኋት። እናቴ ግን መጽሐፍ ሳታነብ ኤሊዋን አይታ ነበር። «እሳት ዳር እናድርጋት» ነበር ያለችው።

*ለተማሪዬ የጻፍኩለት*

መልሴ እንዲህ ነበር። «ጋራዥ እንዳታስገባት። አታስተኛት። በረዶው እስኪያልፍ የራሷን ትንሽ ሳህል ቤትህ ውስጥ ሥራላት።

ሰፊ ሣጥን ወይም የእንጨት ገንዳ ፈልግ፤ በየወሩ ስለምታድግ ጠባብ አትግዛ። ሙቀቱና እርጥበቱ እንዳይሸሽ ከላይ የሚከደን ቢሆን ይሻላል። ታቹን እርጥበት በሚይዝ አፈር ወይም የኮኮነት ገለባ ሙላው፤ ልትቀበርበት የምትችል ያህል ይጥለቅ። በአንድ ጫፍ የሙቀት አምፖል ስቀል፤ ከሥሩ 35 ዲግሪ ገደማ ይሁን። ሌላው ጫፍ ቀለል ይበል፤ ራሷ እየሄደች ትምረጥ። ሌሊትም እንዳይበርዳት፤ ብርሃን የሌለው ማሞቂያ ከሙቀት መቆጣጠሪያ ጋር አድርግላት፣ ከ26 ዲግሪ በታች አይውረድ። አልትራቫዮሌት ቢ የሚሰጥ የቱቦ መብራት በቀን 12 ሰዓት ይብራ። በመስኮት አትተማመን። መብራቱ እየበራም ጨረሩ ስለሚደክም፣ አምራቹ በሚለው ጊዜ ለውጠው።

ጨለም ያለ እርጥብ መደበቂያ ይኑራት፤ ጉድጓዷ እሱ ነው። ጥልቀት የሌለው የውሃ ሳህን አስቀምጥላት። በየቀኑ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ለ20 ደቂቃ ንከራት፤ አገጯን አይለፍ። ሣርና ቅጠል አብላት፤ ፍራፍሬና ዳቦ አትስጣት። ካልሲየም አትርሳ። በየሳምንቱ መዝነህ ልጅህ በደብተር ትጻፈው። እንደ ቄሱ። መብላት ካቆመች ‹ተኝታ ነው› አትበል፤ የተሳቢ እንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዳት።

ደግሞ አስብበት፤ ይቺ መዳፍ የማትሞላ ፍጥረት ከ40 ኪሎ በላይ ሆና ከአንተ በኋላ ልትኖር ትችላለች። ለልጅህ የገዛህላት መጫወቻ ሳይሆን ውርስ ነው።»

እሱም ሁለት ሳምንት ቆይቶ ፎቶ ላከ። በመስኮቱ ውጭ ሁሉ ነገር ነጭ ነው። ከውስጥ ሣጥኑ በርቷል። ኤሊዋ ቅርፊቷን ከመብራቱ ሥር ወደ ሣጥኑ ግድግዳ ጋደል አድርጋ ቆማለች። ከጎኑ በሕፃን እጅ የተጻፈ ደብተር አለ፦ ሰኞ፣ 61 ግራም።

ስሟን ማን አላችኋት ብዬ ጠየቅኩት። «ልጄ ‹ወይዘሮ› እንበላት አለች ቲቸር፤ ታሪኩን ነግሬያት ነው» አለኝ።

እናቴ ዛሬም ደብረ ብርሃን ናት። ፎቶውን አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ ጊዜ አየችውና «እሳት ዳር አደረጓት አይደል?» አለች።

አዎ እማዬ። እሳት ዳር አደረጓት።

ቸር እንሰንብት።